አዳኙ ቴዎዶር ሩዝቬልትና የወጥመድ ክርክር

በአገራችን የቀድሞ ልማድ አዳኝ የተከበረ ሰው ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው በአደባባይ ይፎክራል፤ ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ ጆሮውን ተበስቶ ሎቲ ያደርጋል፤ ዘመድ ወዳጅም ይዘፍንለታል። ዳሩ ግን ማታ ወጥመድ ዘርግቶ ቤቱ ገብቶ የተኛ፣ ጧትም ሄዶ የታነቀ እንስሳ ያነሣ ሰው ይህን ክብር አገኘ ሲባል አልሰማንም። ሁለቱም ሥጋና ቆዳ ይዘው ይመለሳሉ፤ ሁለቱም ነፍስ አጥፍተዋል። ሆኖም ሕዝቡ አንዱን ገዳይ ብሎ ሲያሞግሰው ሌላውን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? በእኛ ዘንድ የልማድ ነገር ሆኖ ቀርቷል። በሌላ አገር ግን መጀመሪያ የማኅበር ደንብ፣ ቀጥሎም የሕግ፣ በመጨረሻም የሕዝብ ድምፅ ጉዳይ ሆኖ አዳኞችን ራሳቸውን ለሁለት ከፍሎ አከራክሯል። ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ የሁሉም በሆነ መሬት ላይ፣ ማለት የመንግሥትና የሕዝብ በሚባለው ደንና ሜዳ፣ ወጥመድ መዘርጋት ይከልከል ወይስ ይፈቀድ?

ጥያቄው እኛንም እንደሚመለከት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው የዘንገናን ሐይቅ ያገኛል። ሐይቁ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው፤ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው፤ ዙሪያውንም ደን ከብቦታል። በዛፎቹ ላይ ጦጣ ይዘላል፤ ወፉም ብዙ ነው። ከደኑ ወዲያ ደግሞ የገበሬው ማሳ ይጀምራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እንግዲህ በዚህ ደን ውስጥ አንድ ሰው አሽክላ ቢሰቅል የሰቀለው በራሱ ጓሮ አይደለም፤ በእያንዳንዳችን መሬት ላይ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ስናስብ የአንድ ሰው ሕይወት ሊያስተምረን ይችላል ብለን የአሜሪካን ሃያ ስድስተኛ ፕሬዚዳንት የቴዎዶር ሩዝቬልትን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ወደድን። ሰውዬው ወታደርም፣ ደራሲም፣ ፖለቲከኛም ነበር። እኛ ግን በተለይ የምንከተለው አዳኝ ሆኖ ሳለ አደንን ያጠረበትን፣ አጥሩም የት ላይ እንደ ተከፈተበት የሚያሳየውን የሕይወቱን ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ዓ.ም. ካልተጨመረባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቴዎዶር ሩዝቬልት በኦክቶበር 27 ቀን 1858 በኒው ዮርክ ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ በ1869 የተቋቋመውን የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበር። ልጁ ግን ሀብት የማይገዛው ጤና ጎደለው። አስም እያፈነው ብዙ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ያድር ነበር፤ ዓይኑም ደካማ ነበር። አባቱ አካሉን በራሱ ጥረት እንዲገነባ ስለ መከረው በየቀኑ የሰውነት ማጠንከሪያ ይሠራ ጀመር። ከዚሁ ጋር ወፎችንና ትንንሽ እንስሳትን እየሰበሰበ በቤት ውስጥ የራሱን ትንሽ ሙዚየም አቋቋመ፤ ቆዳቸውን ገፎ፣ ውስጡን ሞልቶ እንደ ሕያው ማቆምንም ከባለሞያ ተማረ። እንስሳን ለማወቅ መግደል፣ ከገደሉም በኋላ ማጥናት ለዚህ ልጅ አንድ ሥራ ነበር። ይህ ጠባይ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

በ1880 ከሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ወዲያውም በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ገብቶ፣ ከሁሉ ወጣት የሆነ የሕዝብ እንደራሴ ሆነ። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1884 ግን ትልቅ ሐዘን ደረሰበት። በአንዲት ቀን፣ በአንድ ቤት ውስጥ እናቱና ሚስቱ ሞቱ። ሚስቱ ሴት ልጅ ከወለደች ገና ሁለት ቀኗ ነበር። ሩዝቬልት ሕፃኗን ለእኅቱ አደራ ሰጥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዳኮታ ምድረ በዳ ሄደ፤ በዚያም ከብት አርቢ ሆነ።

ይህንን አገር አስቀድሞ ያውቀው ነበር። በ1883 በሴፕቴምበር ወር ባይሰን የሚባለውን የአሜሪካ ጎሽ ለመግደል መጥቶ ነበር። ባይሰን በዚያ አህጉር ቀድሞ በሚሊዮን የሚቆጠር መንጋ ነበር። የባቡር ሐዲድ ከተዘረጋና የቆዳ ነጋዴ ከገባ በኋላ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። ሩዝቬልት በደረሰበት ጊዜ የሰሜኑ መንጋ ሊጠፋ የቀረው ጥቂት ነበር። አንድ ጎሽ ለማግኘት በዝናብና በጭቃ ውስጥ ብዙ ቀን ተንከራተተ፤ በመጨረሻም አግኝቶ ገደለ። ደስታው ታላቅ እንደ ነበር ራሱ ጽፏል። ነገር ግን ያ ምድር ያሳየውን አልዘነጋም፤ ወሰን የሌለው አደን መጨረሻው አዳኙን ራሱን ያለ አደን ማስቀረት ነው። በ1886ና በ1887 መካከል የነበረው ክፉ ክረምት ደግሞ ከብቶቹን ፈጀበትና ገንዘቡን አጥቶ ወደ ምሥራቅ ተመለሰ።

በዲሴምበር 1887 በኒው ዮርክ ጥቂት ወዳጆቹን ራት ጋብዞ የአዳኞች ማኅበር እንዲመሠርቱ አሳብ አቀረበ። ከተባባሪዎቹ ዋናው ጆርጅ በርድ ግሪኔል ነበር። ይህ ሰው የአደንና የዱር እንስሳት ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርና ከማንም አስቀድሞ ስለ እንስሳቱ ማለቅ ይጽፍ ነበር። ማኅበሩ በሁለት የጥንት የዱር ሰዎች ስም ቡንና ክሮኬት ተባለ፤ ሩዝቬልትም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ። የአባላቱ ቁጥር ከአንድ መቶ እንዳይበልጥ፣ እያንዳንዱም አባል ከአሜሪካ ትልልቅ አራዊት ሦስት ዓይነት በፍትሐዊ አደን የገደለ እንዲሆን ተወሰነ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ አደን ማለት ምን ማለት ነው? እንስሳው የሚያመልጥበት ዕድል ያለው፣ አዳኙም በእግሩ፣ በዓይኑና በትዕግሥቱ የሚደክምበት አደን ማለት ነው። ማኅበሩ ይህን ቃል በአየር ላይ አልተወውም፤ ፍትሐዊ ያልሆነውን በመተዳደሪያ ደንቡ ዘርዝሮ ጻፈ። ድብን፣ ተኩላንና የተራራ አንበሳን በወጥመድ ይዞ መግደል ፍትሐዊ አደን እንዳይባል ደነገገ። እንደዚሁም ሌሊት በመብራት ዓይኑን አፍዝዞ መግደል፣ በጥልቅ በረዶ ውስጥ ተይዞ መሮጥ ያቃተውን አጋዘን መግደል፣ ውሃ ሲዋኝ ያለን እንስሳ በጀልባ ሆኖ መግደል ከፍትሐዊ አደን ውጭ ሆነ። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክ ተራሮች ሌሊት በመብራትና በውሻ አጋዘን ማደን በሕግ እንዲታገድ ታግሏል።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ደንብ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ማኅበሩ በስሙ የተጠራበት ዳንኤል ቡን ራሱ ቢቨር በሚባለው እንስሳ ላይ ወጥመድ እየዘረጋ ቆዳ የሚሸጥ ሰው ነበር። ለቡን ወጥመድ የእንጀራ ነገር ነበር፤ ለሩዝቬልትና ለጓደኞቹ ግን አደን የእንጀራ ነገር አልነበረም። የኒው ዮርክ ባለጸጋ ጥይትና ጊዜ አለው፤ ቢሳሳት ባዶ እጁን ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ወጥመድ የሚዘረጋው ድኻ ባዶ እጁን ቢመለስ የሚጾሙት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ፍትሐዊ የሚለው ቃል በእንስሳውና በአዳኙ መካከል ያለውን ነገር ያስተካክላል እንጂ በባለጸጋው አዳኝና በድኻው አዳኝ መካከል ያለውን አያስተካክልም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የሚያሳይ ነገር ብዙ ሳይቆይ ታየ። የሎውስቶን በ1872 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለ ቢሆንም በውስጡ እንስሳ የሚገድለውን የሚቀጣ ሕግ አልነበረም። በማርች 1894 አንድ ሰው ከቀሩት ጥቂት የዱር ጎሾች መካከል ሲገድል እጅ ከፍንጅ ተያዘ፤ ከመባረር በቀር ሌላ ቅጣት አላገኘም። ግሪኔል በጋዜጣው ጮኸ፤ ሩዝቬልትና ማኅበሩም ተከራከሩ፤ በሜይ 7 ቀን 1894 በፓርኩ ውስጥ የሚያድነውን ሁሉ የሚቀጣ ሕግ ወጣ። ይህ መልካም ሥራ ነበር። ያለዚያ ሕግ ዛሬ በየሎውስቶን የዱር ጎሽ ባልተገኘም ነበር።

በዚያው ሰሞን ግን በአቅራቢያው በዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት ሌላ ነገር ሆነ። ባኖክ የሚባሉት የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች ባለቤት ባልያዘው የመንግሥት መሬት ላይ እንዲያድኑ በ1868 ውል ተገብቶላቸው ነበር። በ1895 በአደን ምክንያት ተያዙ፤ በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የክፍለ ግዛቱ የአደን ሕግ ከውሉ ይበልጣል ብሎ ፈረደባቸው። ያንን የአስተሳሰብ መንገድ ያው ፍርድ ቤት ፈጽሞ የተወው በ2019 ነው፤ ማለት ከ123 ዓመት በኋላ። የጋራ መሬትን የሚጠብቅ ሕግ ከመሬቱ ጋር ለዘመናት የኖረውን ሰው ሳይጠይቅ ሲወጣ፣ እንስሳውን ቢያድንም ሰውን ይጎዳል።

ሩዝቬልት ከዚህ በኋላ በፍጥነት ወደ ሥልጣን ወጣ። የኒው ዮርክ ከተማ የፖሊስ ኮሚሽን አባል፣ የባሕር ኀይል ምክትል ሚኒስትር፣ በ1898 በኩባ ጦርነት የፈረሰኛ አዛዥ፣ ቀጥሎም የኒው ዮርክ አገረ ገዢ ሆነ። በ1901 ምክትል ፕሬዚዳንት በሆነ በስድስት ወር ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ተገደሉና በሴፕቴምበር 14 ቀን በ42 ዓመቱ የአገሪቱ መሪ ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ወጣት ሆኖ በዚያ ወንበር የተቀመጠ አልነበረም።

በሥልጣኑ ዘመን ለጋራ መሬት የሠራው ሥራ በቁጥር ሲታይ የሚያስደንቅ ነው። በማርች 14 ቀን 1903 በፍሎሪዳ ባለችው በፔሊካን ደሴት የመጀመሪያውን የመንግሥት የወፎች መጠበቂያ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ የሴቶች ባርኔጣ የሚያጌጠው በወፍ ላባ ስለ ነበረ የላባ ነጋዴዎች ወፎቹን በየጎጇቸው ይፈጁ ነበር። ሥልጣኑን እስኪለቅ ድረስ 51 የወፍ መጠበቂያዎች፣ 4 የአራዊት መጠበቂያዎች፣ 5 ብሔራዊ ፓርኮች፣ 18 ብሔራዊ ቅርሶችና 150 ብሔራዊ ደኖች ከለለ። ጠቅላላው ስፋት ወደ 230 ሚሊዮን ኤከር ይደርሳል፤ ይህም የአገራችንን ስፋት አራት አምስተኛ ያህል ነው። በ1905 ከጊፎርድ ፒንሾ ጋር የደን መሥሪያ ቤትን አቋቋመ። በ1906ም የሩስያንና የጃፓንን ጦርነት በማስታረቁ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ይልቅ ግን ዓለም የሚያውቀው በአንድ ድብ ነው። በኖቬምበር 1902 በሚሲሲፒ ለአደን ሄዶ ሳለ ቀኑን ሁሉ ድብ ሳያይ ቀረ። የአደኑ መሪ ሆልት ኮሊየር የሚባል በባርነት ተወልዶ ያደገ፣ በድብ አደን ወደር የሌለው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ኮሊየር አንድ ድብ በውሾች አስከብቦ፣ በጠመንጃው ሰደፍ መትቶ ከዛፍ ጋር በገመድ አሠረና ፕሬዚዳንቱን አስጠራ። ሩዝቬልት መጥቶ የታሠረውን እንስሳ አየና አልተኩስም አለ። የታሠረ ድብና በወጥመድ የተያዘ ድብ አንድ ናቸው፤ የራሱ ማኅበር ደንብም ይህን ይከለክላል። ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ ክሊፎርድ ቤሪማን የሚባለው ሠዓሊ ሥዕል አደረገው፤ ነጋዴዎችም በቁልምጫ ስሙ ቴዲ ብለው ለልጆች የጨርቅ ድብ ሠሩ። ያ መጫወቻ ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆችም ይሸጣል።

የዚያ ቀን ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር መጨረሻ አለው። ድቡ ቆስሎ ነበርና ሩዝቬልት ከሥቃዩ እንዲገላገል አዘዘ፤ በቢላዋም ተገደለ። የአዳኙ ክብር ዳነ፤ ድቡ ግን አልዳነም። እኛ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ደንቡ የተሠራው ለአዳኙ ኅሊና ነበርና ያዳነው የአዳኙን ኅሊና ነው። እንስሳው እንዲድን ከተፈለገ ጥያቄው ከአዳኙ ክብር አልፎ ወደ ወጥመዱና ወደ መሬቱ መሻገር አለበት።

ከአገራችን ጋርም ይህ ሰው የተገናኘበት ነገር አለ። በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለውን መልእክተኛ ወደ ዐፄ ምኒልክ ልኮ፣ በዲሴምበር 27 ቀን በአዲስ አበባ የሁለቱ አገሮች የመጀመሪያ የንግድ ውል ተፈረመ። ዐፄ ምኒልክም ለፕሬዚዳንቱ አንበሶችና የዝሆን ጥርስ፣ ቀጥሎም የሜዳ አህያ ላኩ። ስጦታው ራሱ ዘመኑን ይናገራል፤ የዝሆን ጥርስ ያን ጊዜ የመንግሥታችን ትልቅ ገቢ፣ የጠመንጃም መግዣ ነበረ። ዝሆኑም በጠመንጃው እየሳሳ ሄደ። በ1909 በዐፄ ምኒልክ መንግሥት የዝሆን አደን በሥርዓት እንዲሆን ደንብ መውጣቱ፣ በዳኮታ ሜዳ የታየው ነገር በእኛም አገር መታየት እንደ ጀመረ ያመለክታል።

አሁን ወደ ሩዝቬልት ስሕተት እንምጣ። የማኅበሩ ደንብ ተኩላንም የተራራ አንበሳንም በወጥመድ መያዝን ከፍትሐዊ አደን ያወጣ መሆኑን አይተናል። ነገር ግን ሩዝቬልት በልቡ ሥጋ በሎቹን አራዊት እንደ ሌባ ይቆጥራቸው ነበር፤ አጋዘኑንና ከብቱን ይጨርሳሉና ቢጠፉ ግድ የለም ይል ነበር። በ1906 በግራንድ ካንየን ሰሜን ለአጋዘን ብሎ የአራዊት መጠበቂያ ከለለ። በዚያም የመንግሥት ሠራተኞች የተራራ አንበሳውን፣ ተኩላውንና ቀበሮውን በጠመንጃም በወጥመድም ፈጁ። ሩዝቬልት ራሱ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ1913 በዚያው ሄዶ የተራራ አንበሳ አድኗል። ከዚያ የሆነው ምንድን ነው? የሚቀንሰው ያጣው አጋዘን እየበዛ ሄደ፤ ዛፉንና ሣሩን ጨረሰ፤ በ1920ዎቹም በረኀብ ብዙው አለቀ። የአጋዘኑ ረኀብ ከአውሬዎቹ መጥፋት ብቻ የመጣ ነው ወይስ ሌላም ምክንያት ነበረው የሚለውን ሊቃውንት እስካሁን ይከራከሩበታል። ሆኖም ሥጋ በል አውሬ ሁሉ ጠላት ነው የሚለው አሳብ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልጸናም።

ሌላውም ፍጻሜ ከዚህ የከፋ ነው። ከ1915 ጀምሮ መንግሥት ገንዘብ መድቦ በጋራ መሬት ላይ ወጥመድና መርዝ የሚያኖሩ ሠራተኞችን አሰማራ። ሩዝቬልትና ጓደኞቹ በጠበቁት በየሎውስቶን የመጨረሻዎቹ ተኩላዎች በ1926 ተገደሉ። ተኩላ ወደዚያ ፓርክ የተመለሰው በ1995 ከካናዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ነው። አንድን ፍጥረት በወጥመድ ለማጥፋት ጥቂት ዓመት ይበቃል፤ ለመመለስ ግን ወደ 70 ዓመት አስፈለገ። እኛም በጎጃማችን ከዚህ የሚመሳሰል ጉድለት አለብን። በጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ግን የለም። እርሱን ያጠፋው ዋናው ነገር እርሻ ወደ ላይ መውጣቱ ነው እንጂ ወጥመድ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የጠፋው ጠፍቷል፤ ከካናዳ የሚያመጣልንም የለም፤ ይህ ፍጥረት ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝምና።

ሩዝቬልት በ1909 ሥልጣኑን ለቅቆ ከልጁ ከከርሚት ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ፤ ከሞምባሳ ተነሥቶ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ አድርጎ በ1910 ካርቱም ደረሰ። በዚህ ጉዞ አባትና ልጅ 512 እንስሳት ገደሉ፤ ለዋሽንግተን ሙዚየም የተላከው ከ11,000 በላይ ነበር። ይህ ለትምህርት ነው ወይስ ለአምሮት የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜም ተነሥቷል። በ1912 እንደገና ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ በጥይት ተመትቶ ቆስሎ ሳለ ንግግሩን ሳያቋርጥ ጨረሰ፤ ምርጫውን ግን ተሸነፈ። በ1914 በብራዚል ያልታወቀ ወንዝ ሲመረምር ለሞት ታመመ። በ1918 ታናሹ ልጁ ኲንቲን በፈረንሳይ የአየር ጦርነት ሞተ። እርሱም በጃንዋሪ 6 ቀን 1919 ኦይስተር ቤይ በሚገኘው ቤቱ በእንቅልፍ ላይ ሳለ በ60 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ የተወው ክርክር አልበረደም። በ1994 የአሪዞና ሕዝብ በጋራ መሬት ላይ እግር የሚይዝ የብረት ወጥመድን በድምፁ ከለከለ፤ በ1996 ኮሎራዶ ተከተለ። በ2016 ግን የሞንታና ሕዝብ ተመሳሳዩን አሳብ ጣለው። በኒው ሜክሲኮ ደግሞ ሮክሲ የምትባል ውሻ ከጌታዋ ጋር በጋራ መሬት ላይ ስትሄድ በአሽክላ ታንቃ ከሞተች በኋላ በ2021 ሕግ ወጣ፤ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ።

በነዚህ ሁሉ ጊዜያት አዳኞች በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ነበር። አንዱ ወገን ወጥመድ የአዳኝ ሥራ አይደለም፤ የሚይዘውን አይመርጥም፤ የያዘውንም ሌሊቱን ሙሉ ያሠቃያል፤ እርሱን ከልክለን የአደንን ስም እናጽዳ ይላል። ሌላው ወገን ዛሬ ወጥመዱን ያስቀሙን ሰዎች ነገ ጠመንጃውን ይቀሙናል፤ ወጥመድ ዘርጊውም ወንድማችን ነው፤ ከብት አርቢውስ በምን ይከላከል ይላል። ሁለቱም ሩዝቬልትን ምስክር አድርገው ሊጠሩት ይችላሉ፤ እርሱ በሁለቱም ወገን ኖሯልና።

የእኛ ፍርድ ምንድን ነው? ወጥመድን በጋራ መሬት ላይ ከሚከለክሉት ወገን ነን፤ ምክንያታችን ግን የሩዝቬልት ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው እንዳያርቀው የመከሩት የሚገባበት ስለማይታወቅ ነው። በጋራ ደን የተሰቀለ አሽክላ ቆቁን፣ የጎረቤትን ጥጃ፣ እንጨት ለቀማ የገባን ልጅ እግር አይለይም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ቢያንስ የሚያየውን ያውቃል፤ ወጥመድ ግን ባለቤቱ በሌለበት በማንም ላይ ይፈርዳል። በሁሉም መሬት ላይ ማንም ተጠያቂ የማይሆንበት ፍርድ መኖር የለበትም። ብረቱ ራሱ ኀጢአት የለበትም። በባሌ ተራሮች ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮን ለጥናት የያዙት ጎማ በተለበጠ ወጥመድ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ ወጥመዱን እየጠበቁ የያዙትን ወዲያው መልቀቃቸው ነው።

ከዚህ ጋር የባኖኮችን ፍርድ እንዳንደግም እንጠንቀቅ። አገራችን የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ አዋጅ በ1944 አውጥታለች፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም አለ። ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል መሆኑ በወረቀት ላይ ተጽፏል። የጎደለን ወረቀት አይደለም። ማሳው በደን ዳር የሆነ ገበሬ ድንቹን ጃርት ቆፍሮ፣ በቆሎውን ጦጣ ሰብሮ ሲበላበት ሕጉ ምን ይሰጠዋል? ወጥመድህን ንቀል ብቻ ካልነው የከተማ ሰው ኅሊናውን በድኻ ገንዘብ ገዛ ማለት ነው። ስለዚህ በደኑ ውስጥ ወጥመድ ሲከለከል፣ በማሳው ዳር ለሚደረገው ጥበቃ የጋራ ኀላፊነት መኖር አለበት፤ በየተራ መጠበቅ፣ ጦጣ የማይወደውን አዝመራ በዳር መዝራት፣ የደኑ ገቢ ካለም ከጎብኚ ከሚገኘው ለተጎዳው ማካፈል።

ይህ የማይሆን ሕልም እንዳይመስላችሁ፣ በመንዝ ጓሳ ያለው ሕዝብ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ቀሮ በሚባለው ሥርዓት የጋራውን ሣር ለተወሰኑ ዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ እየከፈተ፣ ደንቡን የጣሰውን ራሱ እየቀጣ ኖሯል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ እስከ ዛሬ የሚታዩት ከሩቅ በመጣ አዳኝ ኅሊና አይደለም፤ ሣሩ ለሚያስፈልገው ለራሱ ለሕዝቡ ጥቅም በተሠራ ደንብ ነው።

በዘንገናም የምንመኘው ይህን ነው። ደንቡን የሚያወጡት በሐይቁ ዙሪያ የሚያርሱ፣ የሚያግዱና ውሃ የሚቀዱ ሰዎች ይሁኑ፤ እኛ ተማሪዎች የምናውቀውን ይዘን እንቅረብ፤ የሚነግሩንንም እንስማ። ክልከላው ለባለ ጠመንጃው እንግዳም ለባለ አሽክላው ጎረቤትም እኩል ይሁን። ከዚህ የተለየ አሳብ ያለው፣ በተለይም በደን ዳር ካደገ ቤተ ሰብ የመጣ ጓደኛችን ቢኖር፣ በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍልን አደራ እንላለን።